በሰርግ ድንኳን ውስጥ የያዝነው ነጥብ

አዲሱ ቢሮ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ቢሮው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ የአንድ ቪላ ሰርቪስ ቤቶች ውስጥ ነበር። ጊዜው የሰማንያዎቹ ማለቂያ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የካርታ ሠዓሊ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተቀጠርኩትም እዚያ ነው። ሥራዬ ብርሃን በሚያሳልፍ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም መስመር ማስመር፣ የወንዝና የኮረብታ ስም መጻፍ፣ የተበላሸውን በምላጭ መፋቅ ነበር። ብዙ ኮረብታ ሥያለሁ። አንዱንም ወጥቼ አላየሁም።

የአዲሱ ቢሮ ኃላፊ ኢንጂነር መኮንን ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛዬን ያሳዩኛል ብዬ ስጠብቅ ከመደርደሪያ ላይ ቢጫ ሣጥን አወረዱና ከፈቱት። ውስጡ የምሳ ዕቃ የሚያህል መሣሪያ፣ እንደ ትንሽ ሰፌድ ክብ የሆነ አንቴናና የተጠቀለለ ገመድ ነበረ።

"ምን ይመስልሻል?" አሉኝ።

"ሬዲዮ ይመስላል።"

"ልክ ነሽ፤ ሬዲዮ ነው። ጣቢያው ግን ሰማይ ላይ ነው ያለው።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ክረምት መብረቅ ብልጭ ሲል፣ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ?"

"ልጅ ሆኜ ቆጥሬያለሁ።"

"ለምን?"

"ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ።"

"ይኸውልሽ፣ ጂፒኤስ ማለት እሱ ነው። ሳተላይቱ 'ይህን የላክሁት በዚህ ሰዓት ነው' እያለ ሳያቋርጥ ይናገራል። ሣጥናችን መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት ያያል። በመካከል ካለፈው ጊዜ ርቀቱ ይወጣል። ሳተላይቱ የት እንዳለ ይታወቃል። ከሦስት ሳተላይቶች ያለሽን ርቀት ካወቅሽ የቆምሽበት ቦታ ተገኘ።"

"ሦስት ይበቃል?"

"አራት ያስፈልጋል። የእነሱ ሰዓት በጣም ትክክለኛ ነው፤ የኛ ሣጥን ሰዓት ግን ተራ ነው። አራተኛው የኛን ሰዓት ስሕተት ያወጣልናል።"

ሣጥኑን መልሼ ስዘጋ ገመዱ እንዴት እንደተጠቀለለ ልብ ብዬ አየሁ። እንዲህ ያለ ገመድ ከተጠቀለለበት መንገድ ውጭ ከታጠፈ ውስጡ ይሰበራል።

የተቀጠርኩት ለስዕል ክፍሉ ነበር። መስክ የምወጣው ሰው ሲጎድል ብቻ ነው። መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ሹፌራችን ከድር ገርጂ ዳር ካለች ወንዝ አጠገብ መኪናውን አቆመ። ከድር የወራቤ ሰው ነው፤ ሥራ ሲበዛ ቀልዱም ይበዛል። በእጅ የሚያዘውን ትንሹን ጂፒኤስ ከፍቼ ቁጥሩን አነበብሁና በድሮው ካርታ ላይ ነጥቡን አሳረፍሁ። ነጥቡ ወንዙ መሐል ላይ አረፈ።

ከድር በትከሻዬ አሻግሮ አየ። "እትዬ አስካለ፣ በዚህ በሳተላይትሽ አነጋገር መኪናዬ ውሃ ውስጥ ናት ማለት ነው። ልዋኝላት?"

ቢሮ ስንመለስ ለኢንጂነሩ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። ነጥቡ የሳተው በሁለት ምክንያት እንደሆነ ነገሩኝ። አንደኛው፣ በዚያን ጊዜ የሳተላይቶቹ ባለቤቶች ለሲቪል ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ነበር፤ አንድ ሣጥን ብቻውን ብዙ ሊስት ይችላል። ሁለተኛው፣ የድሮው ካርታችን የተሰላበት የምድር ልክ ሳተላይቶቹ ከሚሠሩበት ልክ ይለያል። የካርታው ስሌት የሚነሣው ሱዳን ውስጥ ካለ ነጥብ ነው። ሣጥኑ ላይ ልኩን ካልቀየርሽለት በሁለት ምድር ላይ እየሠራሽ ነው። ልኩን የሚቀይረው ቁልፍ የቱ እንደሆነ አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ከድርን ውሃ ውስጥ ጨምሬው አላውቅም።

ለትክክለኛ ሥራ ሁለት ትላልቅ ሣጥኖች ያስፈልጋሉ። አንዱ ቦታው አስቀድሞ በሚታወቅ ነጥብ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ልናውቀው በምንፈልገው ላይ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እነዚያኑ ሳተላይቶች መስማት አለባቸው፤ አንቴናዎቹም ልኬቱ እስኪያልቅ መነቃነቅ የለባቸውም። ሁለቱን ሣጥኖች ለአንድ ሥራ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዋስን። ሥራው ከገርጂ ዛሬ አያት እስከምንለው ሜዳ ድረስ ለሚዘረጋ የውሃ መስመር ካርታ ማውጣት ነበር። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ያዝን፤ ነጥብ መያዝ የምንለው የቦታውን ትክክለኛ ልክ ማግኘትን ነው። አንድ ሲቀር የመመለሻው ቀን ደረሰ። ሣጥኖቹ ሰኞ ጠዋት መመለስ ነበረባቸው።

ዓርብ ማታ ኢንጂነር መኮንን ጠሩኝ።

"ቢሮው ከእንግዲህ አንድ ቋሚ የመስክ ሰው ነው የሚይዘው። ለሥራ አስኪያጁ ያንቺን ስም አቅርቤያለሁ። 'ነጥብ ብቻዋን ይዛ ታውቃለች?' አለኝ። አታውቂም። የእሑዱን የገርጂ ነጥብ አንቺ ትይዢያለሽ፤ እኔ የካ ኮረብታ ላይ እሆናለሁ። ከተሳካ መስክ ትወጫለሽ። ካልተሳካ ስዕል ክፍል ትቀሪያለሽ። ስዕልሽ ጥሩ ነው፤ ቅጣት አይደለም።"

"እሺ" አልኩ።

ቤቴ ስገባ የመስክ ጫማዬን ጠረግሁ። ጫማውን የገዛሁት ማንም ሳያዘኝ ነበር።

የገርጂው ነጥብ ከኢምፔሪያል ሰፈር ወደ ውስጥ ሲገባ ያለ ሣር ሜዳ ላይ ነበር። ከድሮ ቀያሾች የቀረ፣ ጉልበት የሚደርስ የሲሚንቶ ድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ የነሐስ ምስማር ተቀብሮበታል። ነጥብ የምንለው ያንን ምስማር ነው። ሐሙስ ዕለት ሄጄ አይቼው ነበር። አንዲት ፍየል ታስራበት ነበር እንጂ ዙሪያው ባዶ፣ ሰማዩም ክፍት ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ ከድር ፍሬን ያዘ።

"ነጥቡ የት ጋ ነው ያልሽኝ?"

"ሣሩ መሐል።"

"ሣሩ መሐል ያለው እኮ ድንኳን ነው።"

ወሩ ጥር ነበር። ጥር የሰርግ ወር መሆኑን በቢሮው የማያውቅ የለም፤ ፕሮግራሙ ሲወጣ ግን ማንም አላነሣውም። እሑድ የተመረጠው የጭነት መኪና ስለማይበዛ ነው። የምናየው የሳተላይቶቹን ሰንጠረዥ ነበር፤ ሰንጠረዡ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሰማዩ ጥሩ ነው ይላል። ስለ ሙሽራ የሚለው ነገር የለም።

ድንኳኑ የዕድር ድንኳን ነው፤ ሰፊ፣ ባለ ሸራ። ጀርባው ከአንድ ግቢ አጥር ጋር ተያይዟል። ገና አፉ ላይ ስደርስ ነጠላቸውን በወገባቸው የታጠቁ ትልቅ ሴት መንገድ ዘጉብኝ። የሙሽራዋ አባት ታላቅ እህት፣ እማማ ዘነበች ናቸው።

"ከሙሽራው ወገን ከሆናችሁ ገና ነው፤ ተመለሱ!"

"ከቢሮ ነን፣ እማማ። ለልኬት መጥተን ነው።"

"ለልኬት? በልጄ ሰርግ? ሌላ ቀን ጠፋና ነው? ደግሞ ቤት ልታፈርሱ ይሆናላ!"

"ቤት አናፈርስም። ለውሃ መስመር ነው።"

ቆም አሉ። "ለየትኛው ውሃ?"

"ወደዚህ ሰፈር ለሚመጣው፤ ከዚህም አልፎ ለሚሄደው።"

ወደ ኋላ ዞረው ተጣሩ። "ደምሴ! ና እስቲ ወዲህ! የውሃ ሰዎች ናቸው!"

አቶ ደምሴ የሙሽራዋ አባት ናቸው። ኢምፔሪያል አካባቢ የእህል ሱቅ አላቸው። አዲስ ኮታቸው እጁ ረዝሞባቸው ጣታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ነገሩን ሲሰሙ ግንባራቸውን አሹ። "ለዚች ሰርግ እኮ ውሃ በበርሜል በመኪና ነው ያስመጣሁት፣ እህቴ። ለውሃ ከሆነ በምን ልከልክላችሁ? ድንጋያችሁ የቱ ነው?"

ድንኳኑ ውስጥ ገባን። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ድንጋያችን መሐል ላይ ነበር። ድንጋያችን ላይ ደግሞ ትልቅ የጠላ ጋን ተቀምጧል።

"ይሄ ነው" አልኩ።

እማማ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ጋኑ ላይ አሳረፉ። "ይሄ አይነሣም።"

"እማማ፣ መሣሪያው የሚቆመው ምስማሩ አናት ላይ ነው።"

"ልጄ፣ ይሄ ጠላ ጠልሎ እንዲወርድ ጋኑን እዚህ ያስቀመጥኩት ትናንት ከሰዓት ነው፤ ለመቅዳት ይመቻል ብዬ። አሁን ብታነሡት አተላው ይነሣል። ድፍርስ ጠላ ለሰርገኛ ልቅዳ? የነሱ ወገን 'የደምሴ ቤት አተላ ጠጣን' ሲሉ ይኑሩ?"

ትክክል ነበሩ። ጠላ ጠምቄ አውቃለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ጊዜ ገና ነበረን፤ ግን ብዙ አልነበረም።

ከድር ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ጠላ አልጠጣም፤ ስለ መቅዳት ግን አውቃለሁ። እትዬ አስካለ፣ የውሃ ልክ ጎማችን መኪና ላይ አለች አይደል?"

የውሃ ልክ ጎማ ማለት ግንበኞችም እኛም ሁለት ቦታ እኩል መሆኑን የምናይባት ረጅም፣ ብርሃን የምታሳልፍ ቀጭን ጎማ ናት። ከንጹሕ ውሃ በቀር ሌላ ነገር ነክቷት አያውቅም። ከድር አመጣት። በሞቀ ውሃ አጠብናት።

"ሹፌር ቤንዚን በአፉ ነው የሚስበው" አሉ አቶ ደምሴ። "ጠላዬን በአፍህ ልትስበው ነው?"

"አስተግፊሩላህ! በአፌማ አልነካውም። ብልሃት አለው።" ጎማዋን ውሃ ሞላት፣ ሁለት ጫፏን በሁለት አውራ ጣቶቹ ደፈነ፣ አንዱን ጫፍ ቀስ ብሎ ጋኑ ውስጥ ከአተላው በላይ አስገባ፣ ሌላውን ጫፍ ዝቅ አድርጎ ለቀቀ። መጀመሪያ ውሃው ወጣ። ቀጥሎ ጠላው፣ አንድም ሳይደፈርስ፣ ወደ ማሰሮው መውረድ ጀመረ።

እማማ ዘነበች ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና ቀመሱ። "ይሄ የሰው ልጅ ነው? እንዲህ እያወቀ እንዴት አይጠጣም?"

"ስለማልጠጣ ነው እጄ የማይንቀጠቀጠው፣ እማማ።"

ድንኳኑ ሳቀ። ጠላው ማሰሮና ጀሪካን ሞልቶ ሲያልቅ የቀለለውን ጋን ከድርና አቶ ደምሴ አንሥተው አሳለፉት።

በእጅ ሬዲዮ የካን ጠራሁ።

"ድንኳን ስር ነው ያለሽው?" አሉ ኢንጂነሩ። "ቆርቆሮ ነው ሸራ?"

"ሸራ ነው።"

"እርጥብ ነው?"

"ደረቅ ነው።"

"ምሰሶው ብረት ነው?"

"እንጨት ነው።"

"ደረቅ ሸራ ምልክቱን ያሳልፋል ይባላል። እኔ ሞክሬው አላውቅም። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ወስኚ።"

ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ከድንጋዩ በላይ አቆምሁ። በቱንቢ፣ በክር በሚንጠለጠለው ክብደት፣ ከምስማሩ ጋር አስተካከልሁ፤ የውሃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪገባ ብሎኖቹን አዞርሁ። አንቴናውን አሰርሁ፤ ከምስማሩ እስከ አንቴናው ያለውን ከፍታ በሦስት በኩል ለካሁ። ሦስቱ ልኮች አንድ ሆኑ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከየካ ጋር እኩል አበራን። ትንሹ መስኮት ላይ መጀመሪያ ዜሮ ነበረ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሦስት። ከዚያ አምስት ሆነ። አምስት ሳተላይት በዕድር ሸራ አልፎ መጣ።

"አምስት አለኝ" አልኩ በሬዲዮው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

እንግዶች መግባት ጀመሩ። አንዲት ሴት በራሷ ላይ የዳቦ ትሪ ይዛ በአንቴናው አጠገብ ስታልፍ ቁጥሩ ከአምስት ወደ ሦስት ወረደ። አለፈችና ተመለሰ። ሁለተኛዋ ስታልፍ እንደገና ወረደ።

"እማማ፣ ትሪው ሰማዩን ይጋርድብኛል።"

"ትሪ በወገብ!" ብለው ጮኹ እማማ ዘነበች። "በራስ የሚያልፍ የለም! በወገብ ያዙ፣ በወገብ!" ከዚያ መሣሪያውን ዞረው አዩት። "ይሄን ነገር ማን ይጠብቀዋል? ዘፈን ሲጀመር ሰዉ ይገፋዋል።"

መልሱንም ራሳቸው አገኙ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተው በሦስቱ እግሮች ዙሪያ በአግዳሚ ወንበር አስቀመጧቸው፤ ፊታቸውን ወደ ውጭ። ጠላም በእጃቸው አስያዟቸው። "ከእነሱ ፊት ደፍሮ የሚጋፋ ካለ ልየው!" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመቻችተው ተቀመጡ። እስከ ዛሬ ብዙ ዓይነት አጥር አይቻለሁ፤ እንደዚያ የጸና አላየሁም።

አቶ ደምሴ አጠገቤ መጥተው ስለ ሳተላይቶቹ ጠየቁኝ፤ ባለቤቶቻቸው ምልክቱን ሆን ብለው እንደሚያዛቡትም ነገርኳቸው። ከጭንቀት የሚሸሹበት ነገር የፈለጉ ይመስለኛል። "ቆይ፣ እህቴ፤ ባለቤቶቹ ምልክቱን ያዛቡታል ካልሽ እንዴት ታምኚዋለሽ?"

ኮረብታው ላይ ሌላ ሣጥን እንዳለ፣ ያ ሣጥን የቆመበት ቦታ አስቀድሞ እንደሚታወቅ፣ መዛባቱም ሁለቱንም እኩል እንደሚያገኛቸው ነገርኳቸው። ሳልጨርስ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"ሚዛን ነው በይኛ! ሱቄ ውስጥ ያለችው ሚዛን ትዋሻለች። ግን መጀመሪያ የማውቀውን ኪሎ እጭንባታለሁ፤ ምን ያህል እንደዋሸች ታሳየኛለች። ከዚያ ጤፉን ስመዝን ውሸቱን እቀንሳለሁ። የካ ያለው የታወቀው ኪሎ ነው፤ እዚህ ያለው ጤፉ ነው!"

"እንደዚያ ነው።" ከዚያ በኋላ ለጀማሪዎች ሳስተምር የማስረዳው በእሳቸው ሚዛን ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ላይ አመለከቱ። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ድንኳኑን እያንቀጠቀጠ አለፈ። "እነሱም በዚህ ነው የሚመጡት?"

"እየጀመሩ ነው፣ አባባ። መርከብም በዚህ ይሄዳል። እርዳታ የሚያደርሱ መኪኖችም በረሃ ውስጥ መንገድ ይለዩበታል።"

"እና እኛ ቤትስ?"

"ለጊዜው ውሃ ያመጣል።"

"ውሃ ይበቃል" አሉ።

ዛሬ ቢጠይቁኝ ሌላ መልስ አለኝ። ዛሬ ነገሩ በየኪሱ ነው። ገርጂ ካለው ቤቴ ታክሲ በስልክ እጠራለሁ፤ ሹፌሩን ልጅ ሳተላይቱ እየመራ ደጄ ላይ ያደርሰዋል። ደጄ ላይ ቆሞ ይደውልና "እማማ፣ የት ጋ ነዎት?" ይለኛል። "መስኮቱን ዝቅ አድርግ፤ ፊትህ ቆሜያለሁ" እለዋለሁ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ሠርቼ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረኝ ከመንገዱ ማዶ የመኪና ጥሩምባና ከበሮ ተሰማ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹና ከነሰርገኛው መጣ። ከተጠበቀው ሰዓት ቀድመው ነው የደረሱት። ገብተው ጭፈራ ከተጀመረ የሽማግሌዎቹ አጥር እንደማይበቃ ታየኝ። አንቴናው አንዴ ከተነቃነቀ የዚያን ሰዓት ሥራ ሁሉ ያበላሸዋል። ሣጥኖቹ ደግሞ ነገ ይመለሳሉ። የእኔም ነገር እዚያው ያበቃል።

እማማ ዘነበች ፊቴን አዩ። "ስንት ቀረሽ?"

"ሩብ ሰዓት።"

ወደ ድንኳኑ አፍ ሄዱ። ሙሽራዋን ለመውሰድ የሚመጣ ወገን ወዲያው አይገባም፤ የሙሽራዋ እኅቶችና ጓደኞች በሩን ይይዛሉ፣ የመጡት ይለምናሉ፣ ይዘፈናል፣ ይገባል። ልማዱ አጭር ነው። የዚያን ቀን ግን እማማ ዘነበች ከሴቶቹ መሐል ገቡ።

"ልጆች፣ ያዙ! ሳልላችሁ አንድም ሰው እንዳይገባ!"

ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ከውጭ ዘፈኑ ከፍ አለ። ከውስጥም ከፍ አለ። ዋናው ሚዜ ላቡ በነጭ ሸሚዙ ወረደ።

"እማማ፣ እባክዎ! ፀሐይ ገደለን!"

"ጥላ ያልያዘ ሚዜ ምን ሚዜ ነው!"

"ሙሽራው ጫማው ጠቦታል!"

"ያውልቅ! እግሩንም እንየው፤ ልጃችንን የምንሰጠው አይተን ነው!"

አቶ ደምሴ ወደ እኔና ወደ በሩ ይመላለሳሉ። "እህቴ፣ እነዚህ ሰዎች ተቀይመው እንዳይመለሱ። ልጄ ውስጥ እያለቀሰች ነው፤ 'ለምን አያስገቧቸውም?' እያለች።"

ሳተላይት አምስት ነበረ። "ጥቂት ነው የቀረው" አልኩ።

ሚዜው ደግሞ ጮኸ። "ምን በድለን ነው? ይንገሩንና እንካስ!"

"አልበደላችሁም!" አሉ እማማ ዘነበች። "ከሰማይ ፈቃድ እየጠበቅን ነው!"

ከውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠላቸውን ደረታቸው ላይ ደፉ፤ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ውጭ ያሉትም ሳቁን ሲሰሙ ሳቁ። ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቁ ማለት ነው። ከድር አንድ ሣጥን ለስላሳ ተሸክሞ ከድንኳኑ ጀርባ ዞሮ ወጣና ለሰርገኛው አደለ። "ፈቃዱ እየመጣ ነው፤ አሁን የካን አልፏል" ይላቸው ነበር።

ሰዓቱ ሞላ። በሬዲዮው የካ "አጥፊ" አለኝ። አጠፋሁ። ከፍታውን እንደገና በሦስት በኩል ለካሁ፤ እንደ መጀመሪያው ሆነ። አንቴናው አልተነቃነቀም። ፈትቼ ሣጥኑ ውስጥ ከተትሁት።

"ጨርሻለሁ፣ እማማ!"

"ግቡ!" አሉ። ሴቶቹ ክንዳቸውን ፈቱ።

እልልታው ድንኳኑን ሞላው። ሙሽራው አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁት። ሙሽራዋ ስትወጣ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ አባቷ በጆሮዋ አንድ ነገር ሲሏት ወደ እኔና ወደ ቢጫው ሣጥን አየችና ሳቀች።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። "አስካለ፣ ያ ሁሉ እልልታ ለኛ ነው?"

"ለሙሽራዋ ነው።"

"እኔም እኮ ዛሬ ሰርግ ተጠርቼ ነበር።"

"ታዲያ ጥር መሆኑን እንዴት ረሱት?"

"የተጠራሁት ለማታ ነዋ!" አሉ። "በይ ለእኔም አስቋጥሪልኝ።"

ሳንበላ አልለቀቁንም። ለከድርና ለሌሎቹ ሙስሊም እንግዶች ለብቻው የተዘጋጀ ነበረ። እማማ ዘነበች ለኢንጂነሩ በሳህን ቋጠሩ። ሳንጠይቃቸው ጎማዋንም አጥበው መለሱልን።

ሰኞ ጠዋት ሣጥኖቹ ከመመለሳቸው በፊት ኢንጂነር መኮንን ያየነውን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገቡ። ያ ማሽን ዘገምተኛ ነበር። ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅሁ። ውጤቱ ሲወጣ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ነጥቡ ተይዟል" አሉ። "ክፍት ሜዳ ላይ ከያዝናቸው አይተናነስም።" ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የስዕል ክፍሉን ቁልፍ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ የመስክ ሰው ነበርኩ። የሣልኋቸውን ኮረብታዎች ብዙዎቹን ወጥቼባቸዋለሁ።

ለአዲስ ቀያሾች የምለው አጭር ነው። ነጥብ ላይ ስትደርሱ፣ መሣሪያ ከመኪና ከማውረዳችሁ በፊት፣ የቦታውን ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ የምትሠሩትን ንገሩ። ካልፈቀዱላችሁ አትሠሩም። ከፈቀዱላችሁ አብረዋችሁ ይሠራሉ።